ሌባ ገባ፣ እኔ በር ዘጋሁ፣ አባቴ አፈረብኝ

ሰላም እህቴ። ባለቤቴ ዓምድሽን ሁሌ ታነባለች፣ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም። የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ 38 ዓመቴ ነው። ላለፉት 9 ዓመታት የምኖረው እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ነው። አሁን ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከባለቤቴና ከ7 ዓመቷ ልጃችን ጋር ደሴ ነን። ልንመለስ 3 ሳምንት ቀርቶናል።

ነገሩ የሆነው ሚያዝያ ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከታች ከኩሽናው በር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ደረጃው ጫፍ ላይ ስቆም ሳሎን ውስጥ የባትሪ ብርሃን ይንቀሳቀሳል፣ ሁለት ሰዎች ያንሾካሹካሉ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ልጄን ከአልጋዋ አነሳኋት፣ እኛ ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቁም ሳጥኑን ገፍቼ በሩ ላይ አስደገፍኩና ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ 999 ደወልኩ። አንደኛው ላይ ድረስ ወጥቶ የበሩን እጀታ ሞከረው። ከዚያ ወረደ። ፖሊስ ሲደርስ ሄደዋል። ላፕቶፕ፣ ሳሎን መሳቢያ ውስጥ የነበረውን የባለቤቴን የሰርግ ወርቅ፣ የመኪና ቁልፍ ከነመኪናው ወሰዱ። እስካሁን የተገኘ ነገር የለም።

እዚህ በመጣን በሁለተኛው ሳምንት አጎቶቼና ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት ቡና ላይ ይህንኑ አወራሁ። አባቴ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሁሉም ሲሸሽ "ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም" ብሎ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ "ሌባ ቤትህ ገብቶ አንተ በር ዘግተህ ስልክ ደወልክ? ሚስትህም አየችህ?" አለኝ። ቤቱ ጭጭ አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የአጎቴ ልጅ ባቲ ገበያ ወስዶኝ ጊሌ፣ የአፋር ጩቤ ገዛሁ። "ትራስህ ሥር አድርገው" ብሎኛል። አሜሪካ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ የበርበሬ ስፕሬይ እልክልሃለሁ ይላል። እኔም ማታ ማታ ከኩሽናው በር ጀርባ ሚስማር የተመታበት ጣውላ ለማስቀመጥ እያሰብኩ ነው። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ ቤት እንቀይር። ልጄ እዚያ በየሌሊቱ እየተነሳች ወደ አልጋችን ትመጣ ነበር፣ እዚህ ግን አያቷ ጋር ሳትነቃ ታነጋለች። "እዚሁ እንቅር" ትለኛለች። ምን ባደርግ ይሻላል? እውነቱን ንገሪኝ፣ ፈሪ ነኝ?

የሆጤው ልጅ

*

አብሽር ወንድሜ።

ደብዳቤህን ማታ አነበብኩት፣ ጠዋት ቡና እየተፈላ ደግሜ አነበብኩት። ማታ ያየሁት ሌባውን ነበር። ጠዋት ግን ዓይኔ አባትህ በተናገሩት ላይ ቀረ፣ "ሚስትህም አየችህ?" የሚለው ላይ። ወርቁም መኪናውም ሄዷል፣ ስለ እሱ የጻፍከው አንድ መስመር ነው። ይቺ ጥያቄ ግን ባቲ ድረስ ወስዳ ጊሌ አስገዝታሃለች። ተሳሳትኩ?

እውነቱን ንገሪኝ ብለሃል። ፈሪ አይደለህም። እግርህ ለጥቂት ጊዜ አልታዘዝ አለ፣ ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ሰውነት እንዲህ ያደርጋል፣ ስንት ጦር ሜዳ የዋለ ሰውም ይደርስበታል፣ አስበህ የመረጥከው ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ያደረግከውን ግን አንተው ጽፈህልኛል። ልጅህን አነሳህ። በር ዘጋህ። ቁም ሳጥን ገፋህ። ደወልክ። ያ ሰው መጥቶ እጀታውን ሲሞክር በሩ አልከፈት አለው። በእጁ ምን እንደያዘ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ደረጃው ላይ ጨለማ ውስጥ ብትገጥመው ኖሮ ልጅህ ከአልጋዋ ወርዳ በር ላይ ቆማ የምታየውን ነገር ማሰብ አልፈልግም።

አንድ የራሴን ነገር ላጫውትህ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ እኔም ከተማው ውስጥ ነበርኩ። አንድ ማታ የታጠቁ ሰዎች በራችንን ደበደቡ። ታላቅ ወንድሜ ከፈተላቸው። ስልኮቻችንን ሰጠ፣ ቴሌቪዥኑን ራሱ ከግድግዳ ነቅሎ አሸከማቸው፣ ጤፉንም ወሰዱ። የአያታችን ጠመንጃ ጓሮ ተቀብሮ ነበር፣ ወንድሜም ያውቃል። ልጆቹ አልጋ ሥር ነበሩ። ዝም አለ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ለወራት ሰው ፊት አልቀርብ አለ፣ ሠርግ ቢጠራ አይሄድ፣ ለቅሶ ቢኖር ጥግ ይዞ ተቀምጦ ይመለሳል። በመጨረሻ እናቴ "ቴሌቪዥኑስ ይገዛል፣ አንተን የምገዛበት ገበያ ግን አላውቅም" አለችው። ያን ጊዜ አለቀሰ። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤህን ሳነብ ቡናውን አብሮኝ ይጠጣ የነበረው እሱ ነው።

ስለዚህ አባትህን አትሽሻቸው። ቡና ላይ ሳይሆን ለብቻችሁ፣ ጠዋት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሳይነሳ ሁለታችሁ ስትቀመጡ ጠይቃቸው። እነዚያን ሳምንታት ብቻህን እንዴት አሳለፍክ፣ ማታ ማታ ምን ትሰማ ነበር፣ በር የተደበደበ ቀን ምን አደረግክ በላቸው። ምን እንደሚመልሱ አላውቅም። ግን በዚያ ጊዜ እዚህ የቀሩ ብዙ አባቶች መብራት አጥፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ በር ዘግተው ነው ያነጉት፣ ይህን ደግሞ ቡና ላይ አያወሩትም። ምናልባት አባትህም ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሊያጡ እንደነበር ሲሰሙ ደንግጠው ይሆናል፣ የእኛ ሰው ድንጋጤው በቁጣ ነው የሚወጣው። የጎዳህንም ንገራቸው። "አባዬ፣ ያን ቀን ያልከኝ ነገር አሞኛል" ማለት ይበቃል። ክርክር አትግባ።

አሁን ወደ ጊሌው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ረጋ ብለህ አስብበት። ከሚያዝያ ወዲህ በርሚንግሃም ባለው ቤታችሁ ሌሊት በጨለማ ወደ አልጋችሁ በእግሯ የምትመጣው ማን ናት? አንተ እንቅልፍ ያጣህ፣ ኮሽታ በሰማህ ቁጥር ልብህ የሚዘል ሰው ሆነሃል። ትራስህ ሥር ሁለት በኩል የተሳለ ጊሌ አለ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን "አንተ ታውቃለህ" ብዬ አላልፍህም፣ ጊሌው ደሴ ይቅር።

በሕግም ችግር አለበት። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ስለት ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ላይ ይዞ መገኘት እስከ 4 ዓመት ያሳስራል፣ "ራሴን ለመከላከል ነው" የሚለው ደግሞ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርልህም። ከኤርፖርት እስከ ቤትህ ያለው መንገድ አደባባይ ነው። ስፕሬዩም ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰ። ለጓደኛህ አሜሪካ ሱቅ ገብቶ እንደሚገዛው ዕቃ ነው፣ አንተ ያለህበት አገር ግን የሚቆጠረው በጦር መሣሪያ ሕጉ ውስጥ፣ ከተከለከሉት መሣሪያዎች ጋር ነው። ቤትህ ውስጥ ማስቀመጡ ራሱ ወንጀል ነው። ዛሬውኑ ደውልና እንዳይልክልህ ንገረው።

ይህን ስልህ ሕጉ ለሌባው ያደላል ብለህ እንዳታስብ። ብዙ ወገኖቻችን "እዚያ አገር ሌባ ብትነካ የምትታሰረው አንተ ነህ" ይላሉ፣ ይህ ስህተት ነው። ቤትህ ውስጥ የገባ ሰው ለሕይወትህ ካሰጋህ ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀም ትችላለህ፣ እስኪመታህ መጠበቅም የለብህም፣ በዚያች ቅጽበት እጅህ የገባውን ዕቃ አንስተህ ብትከላከል ሕጉ ድንጋጤህን ያይልሃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ ደግሞ ለባለቤቱ የበለጠ ሰፍቷል፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ከሚያስፈልገው ትንሽ ያለፈ ኃይል ቢጠቀም እንኳ፣ ፈጽሞ ከመጠን ያለፈ እስካልሆነና እንደ ሁኔታው ሲታይ ምክንያታዊ ከሆነ ሊታለፍለት ይችላል። የሚያስጠይቀው ሰውየው ወድቆ ወይም ሲሸሽ እያየህ ስትቀጥል ነው። አስቀድመህ ወጥመድ ካዘጋጀህም ያስጠይቅሃል። ሚስማር የተመታበት ጣውላህ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ለዚያውስ ውሃ ሊጠጣ በባዶ እግሩ ኩሽና የሚገባው ማነው? የቤቱ ሰው ነው።

ቶኒ ማርቲን የሚባል ገበሬ ነበር፣ እንግሊዞች ሁሉ ታሪኩን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርፎክ ውስጥ ቤቱ ሁለት ሌቦች ገቡ። ተኮሰ። አንደኛው የ16 ዓመት ልጅ ነበር፣ ጀርባው ላይ ተመትቶ ሞተ። ማርቲን በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በኋላ ይግባኝ ብሎ ክሱ ወደ ቀለለ ወንጀል ተለወጠለትና 3 ዓመት ገደማ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። እኔ በዚህ ታሪክ ለሁለቱም አዝናለሁ። የምነግርህ አንተ ደግሞ ከማርቲን የተለየ ነገር ስላለብህ ነው። የውጭ ዜጋ ከሆንክና 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ እስራት ቢፈረድብህ ከአገር የማስወጣት ሂደት ይከተልሃል። የልፋትህ 9 ዓመት በአንድ ሌሊት ይሄዳል። እዚህም ቢሆን "በአገራችን ቢሆን ግንባሩን ነበር" የሚሉህን አትስማ፣ የእኛም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን የሚፈቅደው በልኩ ነው፣ ልኩን ያለፈውን አንቀጽ 79 ለብቻው ያየዋል።

እሺ፣ ታዲያ ባዶ እጄን ልመለስ ወይ ትለኛለህ። ገንዘብህንና ጉልበትህን በሩ ላይ አውለው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ ብለሃል፣ የኩሽናው በር እዚያ አገር እንደሚበዛው ነጭ የፕላስቲክ በር ከሆነ እኔ የምጠረጥረው የቁልፉን ሲሊንደር ነው። ከበሩ ወጣ ብሎ የሚታየው ርካሹ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ በሰከንዶች ውስጥ ይሰበራል። የማይሰበር ተብሎ የተሠራ፣ ባለ 3 ኮከብ የሚባል አለ፣ ቁልፍ ሠሪ በአንድ ከሰዓት ይቀይርልሃል። ያው በር እጀታውን ወደ ላይ ስበህ ቁልፉን ካላዞርክ ደግሞ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም፣ ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰለህ። ያን ማታ ቁልፉን ማን አዞረ? ለመውቀስ አይደለም የምጠይቅህ፣ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩበት ለማለት ነው። ቤቱ ኪራይ ከሆነ የተሰበረውን በር ማደስ የአከራዩ ሥራ ነው፣ በጽሑፍ ጠይቀው። ከጀርባ በኩል ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት ይኑር። የመኪና ቁልፍ በር አካባቢ አይቀመጥ።

ይህን ሳትመለሱ፣ ከእዚሁ ጀምረው። አንዴ የተገባበት ቤት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ዳግም የመዘረፍ ዕድሉ ከጎረቤቱ ይበልጣል። መግቢያውን ያውቁታል፣ የተወሰደውም ዕቃ በአዲስ እንደሚተካ ያውቃሉ። አሁን ቤቱ ባዶ ነው። በርሚንግሃም የምታምነው ሰው አለህ? ሄዶ መብራት የሚያበራ፣ ፖስታ የሚያነሳ፣ ቁልፍ ሠሪውን የሚያስገባ? ልጅህ በር ስትገባ አዲሱን ቁልፍ ብታይ ምን ያህል እንደሚያረጋጋት አስብ።

ወርቁን በተመለከተ፣ እንዳንተ ቤት ሁሉ በሌላውም ሐበሻ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የህንድና የፓኪስታን ቤተሰቦችም በዚሁ ብዙ ተዘርፈዋል፣ የእንግሊዝ ፖሊስ ራሱ ስለ ወርቅ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። የሠርጋችሁን ፎቶዎች አሁን ደሴ እያላችሁ ፈልጓቸው፣ ወርቁ በደንብ የሚታይበትን መርጣችሁ ለፖሊስ ላኩት። የወንጀል መዝገብ ቁጥር ሰጥተውሃል አይደል? እሱን ጠቅሰህ ላክ። የቤት ዕቃ መድን ካለህ እዚያም ይጠቅምሃል።

ደግሞ የሌሊት ዕቅድ ይኑራችሁ። ያን ቀን ሳታስበው ያደረግከውን ነው አሁን አስባችሁ የምታደርጉት። የትኛው ክፍል እንገባለን? የመኝታ ቤቱ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ስልክ ማታ ማታ እዚያው ክፍል ቻርጅ ይደረግ። ድምፅ ማሰማት ካልቻላችሁ ከሞባይል 999 ደውላችሁ ሲጠየቅ 55 ብትጫኑ ወደ ፖሊስ ያስተላልፋችኋል። ዕቃው ይሂድ።

ልጅህን "ከእንግዲህ አይመጡም" ብለህ አትማልላት፣ አንተም እርግጠኛ አይደለህም፣ እሷም ታውቅብሃለች። የቀየርከውን አሳያት። ቁልፉን እሷ ታዙር። በዕቅዱ ውስጥ የእሷ ሥራ ይኑራት፣ ለምሳሌ ባትሪ መያዝ። ፒያሳ ውሰዳትና ትንሽ የእጅ ባትሪ ግዙ፣ ቀለሙን እሷ ትምረጥ። "እዚሁ እንቅር" ስትልህ አትቆጣት፣ እዚህ ምን ደስ እንዳላት ጠይቃት፣ ምናልባት ከአያቷ ጎን መተኛቱ ይሆናል፣ እዚያም ለጥቂት ሳምንታት ፍራሿን እናንተ ክፍል ብታነጥፉላት ምንም አይደለም። ለአስተማሪዋ ንገር። ከተመለሳችሁ በኋላም ፍርሃቱ ካልለቀቃት ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ውሰዳት። ለአንተም ቪክቲም ሰፖርት የሚባል ወንጀል የደረሰባቸውን የሚረዳ ድርጅት አለ፣ ነጻ ነው፣ ሌባው ባይያዝም ያናግሩሃል። እንቅልፍ ማጣትህን ንገራቸው።

የመጨረሻው ባለቤትህ ናት። በደብዳቤህ ውስጥ ያለችው በአንድ ቃል ብቻ ነው፣ ቤት እንቀይር። ለምን እንደምትል ጠይቀሃታል? ቤቱን ነው የጠላችው፣ ወይስ አንተ ስለዚያ ሌሊት ዝም ማለትህ ከብዷት ነው? ምናልባት መቀየሩ ትክክል ይሆናል፣ ቤቱ ኪራይ ከሆነ ውላችሁን አይታችሁ መወሰን ትችላላችሁ፣ በዚህ እኔ አልገባም። አባትህ "ሚስትህም አየችህ?" ሲሉ ግን እሷ ዝም ብላ ነበር። ምን እንዳየች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ያን ሌሊት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሆና ምን እንዳየችብህ ራሷን ጠይቃት።

ይህን ዓምድ ሁሌ እንደምታነብ ነግረኸኛል። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ታውቅሃለችና ዛሬ ማታ አንተው ቀድመህ ንገራት።